ከእሜቴ ሆድ የወጣው ቀበቶ

ለሰይዴ፣ አላህ ቀብርህን ያብራልህ።

ወባ ከእጄ ከነጠቀችህ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ሌላዋ ለሞተ ባሏ ናፍቆቷን ትጽፋለች፤ እኔ ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። ናፍቆቱም አለ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቆቦ እንደተውካት አይደለችም። ዝናቡ ዘንድሮም ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፣ ከየቆላው የተሰደደው ሰው መንገድ ዳር ፈሷል። እህል ያለው ደሴ ነው፣ የሚያመጣውም መኪና ነው። የኛዋ መኪና ደግሞ ሮቢት ስትደርስ አገሩን በጭስ ሸፍና ቆመች። ያቺ «እሜቴ» የምትላት! እኔን «አንቺ»፣ እሷን «እሜቴ»። በሌላ መኪና ተጎትታ ቤቷ ገባች።

መካኒኩ ጋሽ ሀጎስ ሦስት ምርጫ ሰጡን። አንድም ዘይቷን ቀይሮ፣ ጠጋግኖ መልቀቅ፤ አንድም ዘይት የሚያስበላትን የፒስቶን ፋሻ መቀየር፤ አንድም ሞተሩን አውርዶ ያለቀውን ሁሉ ማደስ። ለዚህኛው ግን ዕቃው ከአስመራ እስኪመጣ አንድ ወር መጠበቅ ነው። መሪውን የወረሰው ወንድምህ አህመድ ጠጋግነን እንልቀቃት አለ። «የሚነሳ ሞተር አይከፈትም» እያልክ ያሳደግከው አይደል! እኔ ግን እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ እስከ ሆዷ ክፈቷት አልኩ።

ተከፈተች። ጋሽ ሀጎስ ከስሯ ተንጋለው ቆይተው ጥቁር ነገር በሁለት ጣታቸው ይዘው ወጡ። ባለቀው ብረት ፋንታ የተጠቀለለ ጠፍር ነው። አባቴ የከሳ ጊዜ በምስማር የበሳቸውን ሦስት ቀዳዳዎች ሳይ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። የአባቴ ቀበቶ!

ከሦስት ዓመት በፊት ይህ ቀበቶ ከምሰሶው ላይ ሲጠፋ፣ አልጋ ስር ገብተህ አብረኸኝ ፈልገሃል! ሌባዋ ጎረቤታችን ቶይባ ናት ብዬ ስጮህ «ተይው፣ ለአላህ ስጪው» ብለህ መከርከኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቶይባን አኩርፌ ኖርኩ። ሞተሩ ለምን እንደማይከፈት አሁን ገባኝ፣ አንተ ቀጣፊ!

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የቶይባ ቤት ትዝ አለኝ። ጭስ ካልወጣበት ሰንብቷል፣ እኔ ግን እያየሁ እንዳላየሁ አልፍ ነበር። የቀረችኝን ማሽላ ይዤ ሮጥኩ። ቶይባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ሁለቱ ልጆቿ መነሳት አቅቷቸዋል። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ነገሩን ስነግራት በዚያ አቅሟ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በቃ፣ ወር መጠበቅ ቀረ። ወር የሚጠብቅ ሆድ እዚህ የለም። ፋሻው ይቀየር፣ የአስመራው ዕቃ ይቅር አልኩ። የቀበቶውን ሌላ ግማሽ የት አገኘነው መሰለህ? ከወንበሩ ስር፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ለሚቀጥለው ብለህ! ጋሽ ሀጎስ ከሱ ቆርጠው አዲስ ጠፍር አለበሷት። አህመድ በግመል እርምጃ ደሴ ድረስ ነዳት፤ በሳምንቱ በቆሎ ጭና መጣች። የመጀመሪያው ጆንያ የቶይባ ሆነ። ልጆቿ አሁን ደጅ ወጥተው ይጣላሉ፤ ጩኸታቸው ጆሮዬን በላው፣ አልሀምዱሊላህ።

በለቅሶህ ቀን ሼኩ «ሰይድ የበደለው ሰው ካለ አፉ ይበለው» ሲሉ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ «አፉ ብያለሁ» ያለችው ቶይባ ነበረች። ምን እንደበደልካት እንኳ ሳታውቅ! አሁን አውቃም ደገመችልህ። እኔም ያኔ ብዬህ ነበር፤ አሁን ግን መልሼ ወስጄዋለሁ። እንደገና አፉ የምልህ ያ ጠፍር የተበጠሰ ዕለት ነው። እስከዚያ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አስታውስሃለሁ፣ እሰድብሃለሁ፣ ዱአም አደርግልሃለሁ።

ጋሽ ሀጎስ ቀስ ተብላ ከተነዳች ገና ብዙ ዘመን ትሄዳለች ብለውኛል። ደስ አለኝ፣ ሰይዴ።

ሚስትህ ዘይነባ