ኪኒኔን በሁሉም ፊት እውጣለሁ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የአባዬ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ቤቱን ያናውጣል? እኔ ደህና ነኝ። ግን አንድ ጉዴን ልንገርሽ፤ ለጎረቤት እንዳታወሪብኝ እንጂ። የሰው ልክ ስወስድ የምውለው እኔ፣ ለራሴ የእርግዝና ቀሚስ በድሮው ልኬ ቆርጬ ሰፋሁ። ስለብሰው ትከሻዬ ላይ ተቀርቅሮ ሁለት እጄን እንደሰቀልኩ ቀረሁ። ካውያ የምትተኩሰው ባልደረባዬ ቀሚሱን በመቀስ ቀድዳ አወጣችኝ። ለሆድሽ ቦታ ትተሽ ትከሻሽን ረሳሽው ብላ ቀኑን ሙሉ ሳቀችብኝ።

ፊቴና ትከሻዬ የወፈሩት ከኪኒኑ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመሜ ስቴሮይድ ስውጥ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ። ካረገዝኩ ወዲህ ምሬቱ ስለሚያስታውከኝ አማቴ ፈጭታ በማር ትሰጠኝ ነበር። ባለፈው በስልክ ለልጁ ስትል ትተወው ያልሻትን ሰምታ፣ እኔን ሳትጠይቅ ግማሹን ማስቀረት ጀመረች። እኔ ሞኟ ደግሞ ማሩ ጣፈጠ ብዬ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ጣቶቼ መቀስ አልይዝ አሉ። አንድ ቀን የሸሚዜን ቁልፍ ባሌ ቆለፈልኝ፤ እንደ ሕፃን ቆሜ አለቀስኩ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሟ ኪኒን አቋርጠሽ ነበር ወይ አለችኝ፤ ኧረ በጭራሽ ብዬ ስምል አማቴ ከጎኔ ሆና፣ አንገቷን ደፍታ፣ እኔ ነኝ አለች። ሐኪሟ አልጮኸችባትም። ሰውነቷ ለምዶታል፣ በድንገት ሲጎድልበት ይዝላል፤ ሕመሙ ከተነሳም ልጁን ይጎዳል ብላ አስረዳቻት። ምንም አይልም ብላም አላታለለችኝም፤ ስኳሬና ደም ግፊቴ ሊጨምር ስለሚችል በየጊዜው ትከታተለኛለች። መቀነስ ካለበትም ቀስ በቀስ የምትቀንሰው እሷ ናት።

እንግዲህ ስሚኝ። ከዚያ ወዲህ ኪኒኔን ሙሉውን፣ ከቁርሴ ጋር፣ በሁሉም ፊት እውጣለሁ። ከንፈሯን የምትመጥ ትምጠጥ። ልጁ አብጦ ይወለዳል ብላ የምታሟርተው አክስቴም ሐኪም ሆና ስትመጣ እሰማታለሁ። አንቺም እናቴ ነሽ፣ እግርሽን እስማለሁ፤ በዚህ ግን አልታዘዝሽም። ልጄን የማቅፍበትን እጅ ሰጥቼ ደግ እናት መባል አልፈልግም። አማቴ እንኳ ዛሬ ውኃውን ራሷ ቀድታ ኪኒኑን እስክውጥ ቆማ ትጠብቃለች፤ አሁንስ ፖሊስ ሆናብኛለች።

ቀሚሱን እንደገና ሰፋሁት፤ በዛሬው ልኬ፣ ጎንና ጎኑ ላይ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ትቼ፣ ለኪኒኑም ኪስ አውጥቼ። ባልደረባዬ አሁን ሴት መሰልሽ አለችኝ።

አባዬን ሳሉን ሐኪም ይይለት በይልኝ፤ ማር ብቻ አይበቃውም። ወሬኛው ወንድሜን ይህን ደብዳቤ ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ፣ አክስቴ ያለችበትን ቦታ ሲደርስም እንዳይዘል ንገሪው። አክስቴንም ሳሚልኝ፤ ብቆጣትም ትናፍቀኛለች። አማቴም ራሷ ልትጽፍልሽ አፍራ ነው እንጂ ሰላም በይልኝ ብላለች።

ጽሕፈቴን እዪው እማዬ፣ ቀጥ ብሎ የለም? ልጁ ሲወለድ ሴት ወንድ ከማለቴ በፊት፣ በነዚህ ጣቶች ማቀፌን በእጄ እጽፍልሻለሁ።

ልጅሽ
ከስፌት ቤቱ መስኮት ሥር፣ ሰኔ ፫ ቀን