በምሳሌዎችህ ውስጥ ያለችው ሴት

ሶዶ፣ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለተክለጻድቅ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህም ደህና ናቸው፤ ብርዱ ጉልበታቸውን ከመቆርጠሙ በቀር። ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋም እንደ አንተ ግንባረ ሰፊ ናት። የጓሮውን እንሰት አጥሬዋለሁ።

ስናደድ አንቱ እንደምልህ ታውቃለህ። ይህን ደብዳቤ «ይድረስ ለአቶ ተክለጻድቅ፣ እንዴት ሰነበቱ» ብዬ ጀምሬው ነበር። ለእናትህ ሳነብላቸው «ምነው፣ ለዳኛ ነው እንዴ የምትጽፊው?» ብለው ሳቁብኝና ቀደድኩት። ስለዚህ አንተ ብዬሃለሁ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

አምና መሥሪያ ቤትህ እንግሊዝኛ ተምረህ፣ አስተርጓሚ ሆነህ እንድትመለስ ወደ አዲስ አበባ ሲልክህ፣ በቅሎው ተጭኖ ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ለመንኩህ። የምትማረውን ሁሉ እየጻፍክ ላክልኝ፣ ባዕድ ሆነህ እንዳትመለስብኝ አልኩህ። አንተም ቃልህን ጠበቅህ። ምነው ባልጠበቅህ!

በመጀመሪያው ደብዳቤህ፣ በእንግሊዝኛ ግሱን ብቻ ማወቅ ብዙም እንደማይረዳ፣ ከኋላው የምትመጣዋ ትንሽ ቃል ነገሩን ሁሉ እንደምትለውጠው ጻፍክልኝ። «ሉክ» ማየት ነው። «አት» ሲከተለው አንድን ነገር መመልከት፣ «ፎር» ሲከተለው መፈለግ፣ «አፍተር» ሲከተለው መንከባከብ፣ «አፕ» ሲከተለው ቀና ብሎ ማየት ይሆናል አልከኝ። እኔ ጉድ ነው ብዬ ለእናትህ ስነግራቸው፣ «ምን ጉድ አለው?» አሉኝ። «እኛስ ዝም አለ፣ እምቢ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዘወር አለ እንል የለም እንዴ? አለ ያው አለ ነው። የነሱ ትንሿ ቃል ከኋላ መጣች፣ የኛ ከፊት።» ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱ አልከበደኝም።

በዚያው ደብዳቤ ሌላም ነገር ነግረኸኝ ነበር። መምህራችሁ የፈጠራ ምሳሌ አይወድም። በራሳችሁ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ያላያችሁትን ከጻፋችሁ ቃሉ ቶሎ ይጠፋችኋል ይላችኋል። ይህን ባትነግረኝ ኖሮ እኔም እንቅልፍ አላጣም ነበር።

የመጀመሪያው ምሳሌህ ሰሌዳውን ተመለከትኩ የሚል ነበር። ሰሌዳ ምን አደረገኝ! ቀጥሎ ግን «አዛለች የጠፋብኝን ብዕር ፈለገችልኝ» የሚል መጣ። አዛለች ማን ናት ብዬ ብጠይቅህ፣ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በጽሕፈት መኪና የምትጽፍ፣ ከነጋዴ አባቷ ጋር ዓደን ያደገች፣ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የጠጣች ልጅ ናት አልከኝ። ትሑት ናት ብለህም ጨመርክበት። ትሕትናዋን ማን ጠየቀህ? ከዚያ ደግሞ የ«ዌይት ፎር» ተራ ደረሰ፤ «አዛለች በሩ ላይ ጠበቀችኝ።» ለምን ጠበቀችህ? ዝናብ ነበር? ጃንጥላውስ የማን ነበር? ምሳሌ ክፉ ነገር ነው፤ የሚያንገበግበውን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል።

ከሁሉ የባሰው ግን «ሉክ አፍተር» ነው። «ንዳድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ አዛለች አስታመመችኝ» ብለህ ጻፍክ፤ ቃሏም እንድትታየኝ በቀይ ቀለም አሰመርክባት። ተክለጻድቅ፣ መታመምህን የሰማሁት ከምሳሌ ነው! ለእናትህ ሳነብላቸው፣ አንብቤ ሳልጨርስ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ ታሞ ነበር?» አሉ።

«ታሞ ነበር፤ አሁን ድኗል።»

«ውሃ ማን አቀበለው?»

«አዛለች» አልኳቸው። ስሙ ከአፌ ሲወጣ መረረኝ።

በማግስቱ ወደ ሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሰፈርተኛው ሃይማኖቷን ልትለውጥ ነው እያለ አምቶኛል፤ ማተቤን አንገቴ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት። ሽታዬ የምትባል የወላይታ ልጅ እዚያ በሽተኛ ታስታምማለች፤ «እመቤቴ፣ ነርሷ አሁን ትመጣለች፣ ቁጭ በይ» ብላ ተቀበለችኝ። ፈረንጇ ነርስ ስትመጣ ሽታዬን መካከላችን አቁሜ፣ «ሉክ አፍተር» ሲባል ምን ምን ይጨምራል ብዬ ጠየቅኋት። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ መድኃኒት መስጠት፣ አጠገቡ መቀመጥ አለችኝ።

«መውደድስ አለበት?» አልኳት።

ነርሷ ሳቀች። ቢኖርበት አይከፋም፣ የግድ ግን አይደለም አለች። ሽታዬ ይህን ተርጉማ ስትጨርስ ከራሷ ጨመረችበት፤ «እኔ በሽተኛ ሁሉ አስታምማለሁ። ሁሉን ከወደድኩ ባሌ የት ይገባል?» አብረን ሳቅን። እቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አልቆብኝ ነበር።

ቀናሽ ወይ በለኝ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። አይቼው በማላውቀው ጸጉሯ ቀንቻለሁ። በመኪና በሚጽፉት ጣቶቿ፣ አንተ ስትሳሳት ስታርምህ በሚሰማት ደስታ ቀንቻለሁ። ከሁሉ አብልጬ የቀናሁት ግን በንዳድህ ነው። እሱ የእኔ ነበር። ግንባርህን ዳብሼ፣ ጋቢ ደርቤልህ፣ አልጠጣም ስትል ተቆጥቼ ላጠጣህ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ያን ለሌላ ሰው ሰጥተህ ለእኔ ምሳሌውን ላክህልኝ።

አሁን ደግሞ ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ደብዳቤህ፣ ሌላ አንድ ዓመት ልጨምር ነውና ፈቃድሽን ላኪልኝ አልክ። የዚያ ደብዳቤ ትምህርት «ሉክ አፕ» ነው። «ከመጽሐፌ ቀና ስል አዛለች በር ላይ ቆማ አየኋት።» ፈቃድ መጠየቅና እንዲህ ያለ ምሳሌ በአንድ ወረቀት! እንዴት ሰነበቱ፣ አቶ ተክለጻድቅ? ይኸው አንቱ ተመለሰ።

እኔም በመምህርህ ሕግ የሆነውን ብቻ ጽፌልሃለሁ፤ ነርሷ አርማዋለች። «አይ ሉክ አፍተር ዩር ማዘር።» እናትህን እጦራለሁ፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። «አይ ሉክድ ፎር ዩር ኦልድ ጋቢ።» አሮጌ ጋቢህን ፈለግሁት፤ አግኝቼው አሁን ለብሼው ነው የምጽፍልህ። «አይ አም ኖት ዌይቲንግ ፎር ዩ።» አልጠብቅህም። ይህችን ነርሷ ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት።

እዚህ ስትደርስ ፊትህ ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ይታየኛል። ደግ፣ ትንሽ ይቃጠል። አሁን ግን ፈቃዴን ስማ። እኔ ሳህሊቱ ሶዶ ቁጭ ብዬ፣ አንተ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ልትጨምር አልፈቅድም። እናትህም አልፈቀዱም። «መጨመር ካለበት ሁለት ሆናችሁ ጨምሩት» ብለዋል። እህትህ አሰፋሽ ከነልጆቿ ከገሱባ መጥታ እሳቸውን ከእጄ ተረክባለች። ነጋዴው ቦጋለ ነገ ጠዋት ቅቤና ቆዳ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ ደብዳቤውን ግን ለእሱ አልሰጥም። እናትህ በቅሏቸውን ሰጥተውኛል። የማልጠብቅህ ለዚህ ነው።

ለምን በአፍሽ አትነግሪኝም ትል ይሆናል። ፊት ለፊት ከሆንኩ እንባዬ ይቀድመኛል፣ አንተም ታባብለኛለህ፣ ነገሬም ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤውን በሰው እጅ አስቀድሜ አስገባልሃለሁ፤ መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ።

የበርበሬ ዳጣ በቅል ሞልቼ ይዣለሁ፤ ከበሽታ ለተነሳ ሰው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ለአዛለችም ቋጥሬላታለሁ። ባሌን አስታማልኛለችና ምስጋና ይገባታል፤ በጣም የሚያቃጥለውን መርጬላታለሁ።

እናትህ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ከንዳድም ከሰው ዓይንም ይሰውርህ፣ የተማርከው ለወገንህ ይሁን፣ እኔም ሳልሞት የልጅህን ጥርስ ልይ» ብለው መርቀውሃል። እኔም በአንተ ፈንታ አሜን ብያለሁ፤ አንተም ድገመው።

የመጨረሻዋን ምሳሌ ነርሷ አላየችልኝም። አጭር ስለሆነች አልሳሳትም። ስጽፋት ገና ነገሩ አልሆነም፤ አንተ ስታነባት ግን ሆኗልና መምህርህ አይቆጣም።

ሉክ አፕ፣ ተክለጻድቅ።

በርህ ላይ የቆመችው
ሚስትህ ሳህሊቱ