በግመሏ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላምና የአላህ እዝነት ተቡክ ድረስ ይምጣልሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጆችሽስ? ሟቹን ባለቤትሽን ጌታ በጀነት ያሳርፈው፤ ግመል አያውቅም እንጂ ጨዋ ሰው ነበር። እኔ ሁለት ጥርስ ከመሰናበቴ በቀር ደህና ነኝ። መንግሥትም አክብሮኝ የሸለቆው ዘብ ሆኛለሁ። ድንጋዮቹን እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አንድም አላመለጠኝም።

የምጽፍልሽ ስለ ወንጀል ነው። ባለፈው ሳምንት ዶክተር ዓቢር የምትባል የጥንት ቅርስ አጥኚ መጣች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ያንን ሰዓት ታውቂዋለሽ፤ ጥላው ሲረዝም አለቱ ላይ የተቀረጹት ግመሎች ቀስ ብለው እግራቸውን ያነሳሉ፤ ጸጉራቸውን የበተኑት ሴቶችም ይከተሏቸዋል። ዶክተሯ ግን ትልቋ ግመል ፊት ቆማ ጮኸች፦

«አባቴ! ይቺ ግመል ሺህ ዓመታት አልፈዋታል፤ አንገቷና ታፋዋ ላይ ያሉት ምልክቶች ግን እንደ አዲስ ጭረት ገና ነጭ ናቸው። የትኛው ባለጌ ነው?»

«በጥብቅ እናጣራለን» አልኩ፣ በሙሉ የመንግሥት ድምፅ።

አብረውን የነበሩት ሽማግሌው ሸይኽ ዱሊም ዓይናቸው ቢፈዝም ምልክቶቹን በጣታቸው ዳበሱ። «አንገቷ ላይ ያለው የዚህ ሰውዬ ቤት የግመል ምልክት ነው፤ ታፋዋ ላይ ያለው የእናቱ ወንድሞች። ሁለት ቤት አንድ ግመል ላይ ምልክት የሚያኖረው ሲጋባ ነው። ባለጌውን ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ ልጄ፤ አጠገብሽ ቆሞ ቴምር ያላምጣል» አሏት።

ቴምሩን ከነፍሬው ዋጥኩት።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንደነበር ተናዘዝኩ። መቅረጫውን ድንጋይ ማን እንዳቀበለኝ፣ በዚያው ምሽት አቀባይዋን አባቷ ለማን እንደዳሯት ግን አልተናገርኩም። ዘብ ነኝና እኔው በሞላሁት የክስ ወረቀት ላይ «ተባባሪ» የሚል መስመር አለ፤ ባዶ ተውኩት።

ዶክተሯ ምልክቶቹን በአለቱ ቀለም ልትሸፍናቸው ነው። «የኔን ሸፍኚ፤ የሌላ ቤት ምልክት ግን ባለቤቷ ሳትጠየቅ አይነካም» አልኳት። ተንፍሳ «እሺ፣ ይጻፉላት። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ» አለች።

ወዲያው ልጽፍልሽ እችል ነበር። ግን ሳትታጪ የምትቆዪበት የሐዘንሽ አራት ወር ከአሥር ቀን የሞላው ትናንት ነው። ዘብ ሥራ ሲፈታ ይቆጥራል።

አንድ ቃል ይበቃኛል፦ ይሸፈን ወይስ ይቆይ? ይሸፈን ካልሽ ቀለሙን እኔው በጥብጬ አቀብላለሁ። ይቆይ ካልሽ ግን በአካል ቀርበሽ መመስከር አለብሽ። የዘቡ ድንኳን ለአንድ ሰው ሰፊ ነው። ግመሏም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሁንም ትሄዳለች።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ መንገዱ ረጅም ነው።

ተከሳሹ የአጎትሽ ልጅ