ህዳር 10 ተቀመጠ የተባለው ኮሚቴ

ዳንግላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና መጠየቅ ወግ ነውና እንዴት ነህ? መልሱን እንኳ አልፈልገውም፤ ሐሙስ እንጅባራ ፍርድ ቤት አይቼሃለሁ፣ ወፍረሃል። እኔን ከንዴት በቀር ያመመኝ ነገር የለም። ልጆችህን ግን ሳምልኝ፤ እነሱ ምን አደረጉ!

ችሎት ላይ አፍሽን ያዢ እየተባልኩ ስለዋልኩ አሁን ልናገር። ዘንገና ያለውን መሬቴን አንተ የምትሰበስበው የመሬት ኮሚቴ ቀማኝ። ዳንግላ ገብታ ጤፍ ትነግዳለች፣ መሬቱን ትታዋለች ተባልኩ። ለማን ሰጣችሁት? ለሚስትህ ወንድም ለአስማረ! በእጄ የተከልኩት የዲከረንስ ዛፍ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ለከሰል ሊደርስልኝ ሲል፣ የተተወ መሬት ሆነ። አበስኩ ገበርኩ!

እኔ ሞኟ ዳኛ ሁሉን የሚያስተካክል መስሎኝ ስለ ዛፌ ስጮህ ዳኛዋ አስቆመችኝ። መሬቱ ለማን ይገባል የሚለውን እኛ አንወስንም፣ እሱ የአስተዳደሩ ነው፤ እኛ የምናየው ሲወስኑ ሕጉን ተከትለዋል ወይ፣ አንቺን ጠርተው ሰምተውሻል ወይ የሚለውን ነው አለችኝ። ደሜ ፈላ። ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ ብዬ ወጥቼ ልሄድ ነበር። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ነው የገባኝ።

ኮሚቴው ህዳር 10 ቀን 2006 ዓ.ም. በአንተ ሰብሳቢነት ተቀመጠ፣ እኔም ተጠርቼ አልቀረብኩም ይላል። ህዳር 10! አባባን የቀበርንበት ማክሰኞ! ማን ጠራኝ? ብድግ ብዬ ያን ቀን የተቀመጠ ኮሚቴ የለም፣ ሰብሳቢው አባታችንን ሲቀብር ነው የዋለው አልኩ። ዳኛዋ ወደ አንተ ዞራ የት ነበርክ አለችህ። ቀብር ላይ ብትል ወረቀቱ ውሸት ሊሆን ነው፣ አንተም ልትጠየቅበት ነው። ዓይንህን በጨው አጥበህ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም አልክ። ያውም ምለህ!

አንተ ሰው፣ ቃሬዛውን ከፊት የያዝከው አንተ አይደለህም? ትከሻህ ደም እስኪቋጥር ለሌላ ሰው አልሰጥም አላልክም? አፈሩ ሲመለስ ካልገባሁ ብለህ ስትታገል ወገብህን ይዤ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። ለአስማረ ብለህ ይሄን ካድክ? ችሎቱ ውስጥ የሰፈራችን ሰው ሞልቶ ነበር። የምገባበት ጠፋኝ፣ አቀረቀርኩ። ስለ አንተ አፈርኩ።

ውሸትህም አልጠቀመህ። ዳኛዋ እሺ ተቀምጣችኋል እንበል አለች፤ አባቷን እየቀበረች እንደሆነ እያወቃችሁ ተጠርታ ቀረች ማለት ሰማናት ማለት አይደለም ብላ ውሳኔውን ሻረችው። ኮሚቴው እንደገና ጠርቶ ይስማት፣ ሰብሳቢው ግን ዘመድ ስለሆነ አይቀመጥ ተባለ። እሰይ! መሬቴ ገና እጄ አልገባም። ቢሆንም እቀርባለሁ፣ እናገራለሁ፣ ያንተንም ሥራ አልሸፋፍንልህም።

ሌላው፣ የአባባ ሙት ዓመት ደርሷል። ቄስ ገብረ ማርያም ለጸሎቱ የልጆቹን የክርስትና ስም ጽፈሽ አምጪልኝ ብለውኝ የእኔን ብቻ ጽፌ ወሰድኩላቸው። ሁለት አልነበራችሁም ወይ አሉኝ። አንደኛው ቀብሩ ላይ አልነበረም፣ ራሱ ምሎ መስክሯል አልኳቸው። ወረቀቱን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ ከስሜ ሥር ላንተ የሚሆን ቦታ አለው። እስከ ዋዜማው አልሰጣቸውም።

ለልጆችህ ዕድሜ፣ ለአንተም ልብ ይስጥልኝ።

የአባትህ ልጅ