የአባትህ የእንጨት ዓሣዎች

ልጄ ሌሊሳ፣ በሄድክበት ሁሉ ጌታ ከፊትህ ይቅደም። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው፤ እህትህ ኢፍቱም ሰላም ናት።

የአባትህ ዓይን ግን ጨርሶ ጠፋ። ያም ሆኖ ዓሣ አታሎ ለማጥመጃ የሚሆኑትን ትንንሽ የእንጨት ዓሣዎች በዳበሳ መቅረጹን፣ በኢፍቱ የጥፍር ቀለም መቀባቱን አልተወም። በየዓሣዎቹ ላይ የሚያስረው መንጠቆ ጣቱን እየበሳ ቢያደማው፣ ሹሉን ጫፍ ተደብቄ በፒንሳ ቆረጥኩት።

ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ከቀታር ወንዝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ትናንት “እጄም እንደ ዓይኔ ሞተ” ብሎ ዓሣዎቹን በሙሉ እሳት ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ጨንቆኛል ልጄ። እባክህ ደውልና እውነቱን አንተ ንገርልኝ። ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኔ ባያየኝም እንኳ ፊቱ ቆሜ መናገር አቃተኝ።

እናትህ ወርቅቱ፣ ከአሰላ