ለትንሿ መኪና የሠራህላት ጫማ

ውዴ ሀሰን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸን ዛሬ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የጓዳው ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ቆይቶ ወንድምህ እንድሪስ ከአሰብ ጭነት ይዞ ሲመለስ ሁለት ቆርቆሮ አምጥቶ ደፈነልኝ። እርጅና ተጫጭኖታል፤ ቢሆንም አሁንም የጭነት መኪናውን ያሽከረክራል።

እሱን ባየሁ ቁጥር ለልጃችን ለፋጡማ ያመጣላት ቀይዋ የመጫወቻ መኪና ትዝ ትለኛለች። ያለ ገመድ፣ በእጅ በሚያዝ ሪሞት የምትሄደው። ፋጡማ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ልምሻ ግራ እግሯን ከመታት ወዲህ ሰው እንዳያያት ብላ ከደጃፍ አትወጣም። የሠራህላት ምርኩዝ ከበር ጀርባ አቧራ ጠጥቶ ቆሞ ነበር።

ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ መኪናዋን ወደ መንገዱ ትነዳታለች። መንገዳችን ደግሞ ጠጠር ነው። በሦስተኛው ቀን ገልብጠህ ስታያት ሆዷ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል፤ በአንድ በኩል ተበስቶ ሽቦው ይታያል። “ይሄማ ሶሉ ያለቀ ጫማ ነው!” ብለህ ሳቅህ። ጫማ ሰፊ አይደለህ፣ ሌላ ምን ትል።

መጀመሪያ ቆዳ አለበስካት። ጤዛ ሲነካው ከበደና መኪናዋ መጎተት ጀመረች። የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ቆርጠህ ሞከርክ፤ እሱ ደግሞ ድንጋዩን እየያዘ አላስኬድ አላት። የዘይት ቆርቆሮም ስትሞክር ጠርዙ እየታጠፈ ጠጠሩ ውስጥ ተሰካ። በመጨረሻ የተሰነጠቀውን ቢጫ ጀሪካናችንን አነሳህ። በልኳ ቆረጥከው፣ በፍም አሞቅከው፣ ድንጋይ ሲገጥማት እንድትንሸራተትበት የፊት ጫፉን ወደ ላይ ቀለበስከውና በአራት ትንንሽ ብሎን አሰርከው። ጠጠር እንዳይታጎርባት ከኋላ ቀዳዳ ተውክላት። ሄደች! ፋጡማ ግን “ይሄም እኮ ይፋቃል አባ” አለችህ።

“ይፋቅ! የሠራሁት እሱ እንዲያልቅ ነው፣ መኪናዋ እንዳታልቅ” አልካት። አራት መለዋወጫም ቆርጠህ ሰጠሃት።

ሆዷ ሲደነድን መኪናዋ መራቅ ጀመረች። ከሃያ እርምጃ ካለፈች ሪሞቱን ስለማትሰማ ትቆማለች፤ አላፊ አግዳሚው ነው አንስቶ የሚመልሳት። አንድ ጠዋት ግን መኪናዋ ከጎረቤታችን ከእትዬ አበበች ደጅ ደርሳ ቆመች፣ መንገዱ ላይም ሰው አልነበረም። ላመጣላት ስነሳ እጄን ያዝከኝ። ፋጡማ እኛን አየችን፣ መንገዱን አየች። ከዚያ ምርኩዙን አንስታ ወጣች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። እትዬ አበበችም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ “ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ” አለቻት። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወጣች። አንድ ቀን ወድቃ አገጯ ደምቶ ስትመጣ ግን አልቻልኩም። የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ ሽምብራው ውስጥ ደበቅኩ። ልጅቷ ፈልጋ ፈልጋ አጣችና ተመልሳ ቤት ተቀመጠች። አንተ ጠፍተው መስሎህ የሐይቅ ከተማን ሱቅ ሁሉ ዞርክ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። በአራተኛው ቀን እጅህን ሽምብራው ውስጥ ስትከት አገኘሃቸው። ትጮህብኛለህ ብዬ ፈራሁ። አልጮህክም።

“ዘይነባ፣ እኔም እፈራለሁ” አልከኝ። “ግን እኛ ስንሞት ማን ያወጣታል?”

ድንጋዮቹን በገዛ እጄ ወስጄ ሰጠኋት። በዓመቱ ትምህርት ቤት በእግሯ ሄደች።

መኪናዋ ባለፈው ጥር ሞተሯ ተቃጠለ፣ የሚጠግናትም አልተገኘም። ሆዷ ግን እስከ መጨረሻው ደህና ነበር፤ መለዋወጫዎቹ ካለቁ በኋላ ፋጡማ ራሷ ስትቆርጥላት ኖራለች። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት መልስ ሱቅህን ትከፍታለች፣ ሰውም ጫማውን ያመጣላታል። ስፌቷ ያንተን ይመስላል ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ምን አለችኝ መሰለህ? ደሴ አክስቷ ዘንድ ሆና የጫማ ሥራ መማር ትፈልጋለች። የአውቶብሱ ደረጃ፣ የደሴ ዳገት፣ የማታውቀው ሰው ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። “አይሆንም” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ሂጂ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት እሸኛታለሁ። እንደማለቅስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላስቀራትም። አንተንም በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ እስካለሁ ድረስ ከአፌ አትጠፋም። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ሲገባኝ ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ።

ልክ ነበርክ፣ ሀሰን።

ባለቤትህ ዘይነባ