በአባቴ መዝገብ ላይ ከከሳሽነት ወደ ዳኝነት ላደጉት

ለክቡር ዳኛ ቃለአብ እምሩ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሹመትዎ ከዓመት ዓመት ከፍ ከፍ እንዲል እመኛለሁ። እኔ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቁልፍ የሚቀርጹት የአቶ መርሻ ልጅ፣ ፀደንያ ነኝ። አባቴን እንደሚያስታውሷቸው አምናለሁ፤ አንድን ሰው ራስ ከስሶ ራስ መዳኘት ለሁሉ ሰው የሚገጥም ዕድል አይደለምና።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት አንድ የወረዳ ሠራተኛ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ መጣና አባቴን እሪ በከንቱ ሰፈር ወስዶ የተዘጋ ቤት አስከፈታቸው። በማግስቱ የቤቱ ወራሽ ዕቃ ጠፋብኝ ብሎ ሲጮህ ሠራተኛው የለም። አባቴ ግን እንደ ወትሯቸው ሱቃቸው ተቀምጠው ተገኙ። ያኔ እርስዎ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ምስጋናዬም ከዚያ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ዋስትና ስንጠይቅ «ተከሳሹ ማንኛውንም በር መክፈት የሚችል ሰው ስለሆነ ሊለቀቅ አይገባም» ብለው ስለ አባቴ ሙያ በአደባባይ ስለመሰከሩ አመሰግናለሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አግኝተው አያውቁም።

ሁለተኛ፣ ዋናው ምስክርዎ፣ ያው የወረዳው ሠራተኛ፣ አንዴ ስብሰባ ላይ፣ አንዴ ዝውውር ላይ፣ አንዴም የት እንዳለ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ቀጠሮ እያስለወጡ አባቴን ማረሚያ ቤት ትዕግሥት ስላስተማሯቸው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ዳኛ ሆነው ስለተሾሙ። ሰፈሩ ሁሉ «ተገላገላችሁ፣ አዲስ ዐቃቤ ሕግ ይመጣል» ብሎን ነበር። በቀጠሯችን ቀን «ተነሱ» ተባልንና ተነሳን። ቀና ስንል መሐል ወንበሩ ላይ ካባ ደርበው ያየነው እርስዎን ነው። ክፋት የማያውቁት አባቴ እጅ ነሥተው «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጌታዬ» አሉ። ከልባቸው ነበር። እርስዎም «ተከሳሽ፣ ሥርዓት ይያዙ!» አሉ። ከችሎቱ እንዲነሱ በጽሑፍ ስናመለክት «ዳኛ የቀድሞ ሥራውን ከበር ውጭ ትቶ ነው የሚገባው» ብለው አቤቱታችንን ጣሉት። ከዚያ በዐቃቤ ሕግነት ይጠይቁት የነበረውን ቀጠሮ በዳኝነት ይፈቅዱ ጀመር። የጀመሩትን ሥራ ለሌላ አለመተውዎን አደነቅሁ።

አራተኛውን ምስጋና ለእርስዎ ልሰጥ አልችልም። እርስዎ ፈቃድ ላይ ሳሉ የተተኩት ዳኛ ሀና መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ፖሊስ ከሱቃችን ወስዶ ያያዘው ያ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገጽ ሰባት ላይ ተቀምጦ አገኙት። «ይህን ያነበበ ሰው የለም?» አሉ። አባቴ ከአሥራ ዘጠኝ ወር እስር በኋላ በዚያው ጠዋት በነፃ ተሰናበቱ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ወይዘሮ ትብለጽ ድስት ጥደው ደጅ እንደወጡ በሩ ተቆለፈባቸው። ጭሱ በመስኮት መውጣት ጀመረ። ድሮ ቢሆን አባቴ እንዲህ ያለውን በር ወሬ እያወሩ ነበር የሚከፍቱት። አሁን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

«አባዬ፣ ይክፈቱላቸው እንጂ!» አልኳቸው።

«ደብዳቤ አላቸው?»

«የገዛ ቤታቸው ነው እኮ!»

«ደብዳቤም ቢኖራቸው አይበቃም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። በሩን እኔ ከፈትኩት። የእሳቸውን እጅ ግን ምን እንደሚከፍተው አላውቅም።

አሁን ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሏል። እርስዎም ይግባኙን ወደሚያየው ችሎት ከፍ ብለው መዛወርዎን ሰምተናል። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ «ተነሱ» በተባለ ቁጥር የተነሳነው እኛ ነን፤ በዚህ መዝገብ ግን አንድ ጊዜ እርስዎ ይነሱልን።

ቢፈርዱልንም ቢፈርዱብንም አክባሪዎ ሆኜ ከመኖር በቀር ምርጫ የሌለኝ፣
ፀደንያ መርሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአዳዲስ ዳኞች ስለ ገለልተኝነት እንዲያስተምሩ መመረጥዎን ሰማሁ። ሠልጣኞቹ ማስታወሻ የሚይዙት ከሚናገሩት ብቻ እንዲሆን፣ ከሠሩት እንዳይሆን፣ አደራ ይበሉልኝ።